«የምደብቀው ነገር የለኝም» የሚለው ንግግር ከየት መጣ?

ቢስሚላሂ ረህማኒ ረሂም



በወጣቶቻችን አፍ የማይጠፋ አንድ ንግግር አለ። ስለ ፋይዳ መታወቂያ ሲነሳ፣ ኬላ ላይ ስለሚደረግ የስልክ ፍተሻ ሲነሳ፣ ስለ ካሜራ ሲነሳ ወሬው የሚዘጋው በዚሁ ነው፤ «እኔ የምደብቀው ነገር የለኝም፤ ከፈለጉ ይዩት።» ተናጋሪው ይህን ሲል ለራሱ ንጽህና የመሰከረ፣ ጀግንነቱንም ያሳየ ይመስለዋል። በሌላ ወገን ደግሞ «ይህ ሁሉ የደጃል መንገድ ጠረጋ ነው፤ አሻራችሁን እንዳትሰጡ» እያለ በቴሌግራም የድምፅ መልእክት የሚለቅ አለ። እኛ ሁለቱንም አንቀበልም። ለሁለተኛው የምንሰጠው መልስ አጭር ስለሆነ ወደ ኋላ ይቆየን። የመጀመሪያው ግን የዲን ልብስ ለብሶ የሚዞር ንግግር ስለሆነ ሰፋ አድርገን እናየዋለን።

አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱል ሑጁራት 12ኛው አንቀጽ ላይ ሦስት ነገሮችን በተርታ ከልክሏል፤ መጥፎ ጥርጣሬን፣ የሰውን ገመና መሰለልን፣ ሐሜትን። ተርታውን ልብ በል። መጀመሪያ ሰው ይጠረጥራል፣ ከዚያ የጠረጠረውን ለማረጋገጥ ይቆፍራል፣ የቆፈረውን ደግሞ ተሸክሞ መቀመጥ ስለማይችል ያወራዋል። አሁን ጥያቄያችን ይህ ነው፤ ክልከላው ለማን ነው የተነገረው? ለሰላዩ ነው። የተሰለለው ሰው ንጹህ ይሁን ቆሻሻ፣ የሚደብቀው ይኑረው አይኑረው በክልከላው ውስጥ አልገባም። «የምደብቀው የለኝም» የሚለው ወንድማችን ታዲያ ያልተጠየቀውን ነው የሚመልሰው። አላህ የሌላውን እጅ ሰብስብ ሲል እርሱ የራሱን ኪስ ያራግፋል።

በሱረቱ ኑር 27ኛው እና 28ኛው አንቀጾችም ነገሩ እንዲሁ ነው። ወደ ሰው ቤት ሳያስፈቅዱና ሳያሰልሙ መግባት ተከልክሏል፤ ተመለሱ ከተባሉም መመለስ ታዟል። ባለቤቱ ለምን ተመለሱ እንዳለ እንዲያስረዳ አልተገደደም። «ምን ደብቀህ ነው?» ብሎ የመጠየቅ መብት ለእንግዳው አልተሰጠውም።

ሀዲሱም ይበልጥ ግልጽ ነው። ቡኻሪና ሙስሊም ከሰህል ኢብን ሰዕድ (ረ.ዐ) ባስተላለፉት ዘገባ አንድ ሰው በነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ቤት ቀዳዳ በኩል አጮልቆ ተመለከተ። እርሳቸው በእጃቸው ማበጠሪያ ይዘው ነበር። እያየ መሆኑን ቢያውቁ ኖሮ በዚያው ማበጠሪያ ዐይኑን ይወጉት እንደነበር ነገሩት፤ ማስፈቀድ የተደነገገውም ለዐይን ሲባል መሆኑን አስተማሩ። እስቲ ወንድሜ፣ ከነብዩ ቤት የበለጠ ንጹህ ቤት በዚህች ምድር ላይ የማን ነው? በዚያ ቤት ውስጥ የሚደበቅ ወንጀል ነበርን? ሐሻ! የሚደበቅ ወንጀል ሳይኖር ግን የሚከበር ገመና ነበር። «የምደብቀው የለኝም» የሚለው አባባል ሁለቱን አንድ አድርጎ ስለሚያይ ነው ከሥሩ የተበላሸው።

አንዳንዱ «ስልክ ቤት አይደለም» ይለናል። እኛ ደግሞ ከቤትም ይብሳል እንላለን። ቤትህ የገባ እንግዳ ሳሎንህንና ምንጣፍህን ያያል። ስልክህን የከፈተ ግን የእህትህን ያለ ሒጃብ የተነሳችውን ፎቶ ያያል፤ እናትህ ስለ ሕመሟ የላከችልህን ድምፅ ይሰማል፤ ከሚስቱ ጋር ተጋጭቶ ምክር የጠየቀህን ጓደኛህን ያነባል፤ ብድር ጠይቆህ «በአላህ ይሁንብህ ለማንም እንዳትነግር» ያለህን ሰው ስም ያገኛል። አንተ የምትደብቀው ባይኖርህም እነርሱ አላቸው። አቡ ዳውድና ቲርሚዚ ባስተላለፉት ሀዲስ ሰው አንድ ነገር ነግሮህ ዘወር ዘወር ብሎ ካየ ያ ንግግር አማና መሆኑ ተነግሯል። ምላሱ «አደራ» ባይልም፣ ዞር ብሎ ማየቱ ብቻ በቂ ነው። ታዲያ የሰው አማና የሞላበትን ዕቃ «ከፈለጉ ይዩት» ብለህ የምትሰጠው በማን ፈቃድ ነው? በራስህ ብትቸር ችሮታ ነው፤ በሰው ገመና መቸር ግን ሌላ ስም አለው።

ይህን ስንል ትንሽ ቂርአት ያላቸው ወንድሞች የሚያነሱት ሹብሃ አለ፤ የሓጢብ ኢብን አቢ በልተዓ (ረ.ዐ) ታሪክ። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ወደ መካ ሊዘምቱ ሲዘጋጁ ሓጢብ ለመካ ሰዎች ደብዳቤ ጽፎ በአንዲት ሴት እጅ ላከ። ነብዩ ዐሊን፣ ዙበይርንና ሚቅዳድን (ረ.ዐ) ረውደቱ ኻኽ ወደሚባለው ቦታ ላኳቸው። ሴትየዋ መጀመሪያ ደብዳቤ የለኝም አለች፤ እንደሚፈትሿት በጽኑ ሲነግሯት ከፀጉሯ ጉንጉን ውስጥ አውጥታ ሰጠች። «ይኸው! ለጸጥታ ሲባል ሰው ተፈትሿል፤ ያውም ሴት» ይሉናል።

አዎ፣ ታሪኩ ሶሒሕ ነው፤ በቡኻሪም በሙስሊምም አለ። እኛም ደስ የሚለን መነሳቱ ነው፤ ምክንያቱም የእኛ ማስረጃ እንጂ የእነርሱ አይደለም። ሶሓቦቹ መንገድ ዘግተው ያለፈችውን ሴት ሁሉ ፀጉር አላስፈቱም። የታወቀች አንዲት ሴት፣ የታወቀ አንድ ቦታ፣ የታወቀ አንድ ደብዳቤ ነበር። እውቀቱም በግምት ሳይሆን በወሕይ የመጣ ነው። ከዚህች ሴት የተፈለገው ደብዳቤው ብቻ ነበር፤ ደብዳቤው ሲገኝ ፍተሻው አበቃ። ከዚያ በኋላ ሓጢብ ተጠርቶ «ይህ ምንድን ነው?» ተብሎ ተጠየቀ። ምክንያቱን እንዲናገር ዕድል ተሰጠው። ዑመር (ረ.ዐ) አንገቱን ልምታው ሲሉ ነብዩ አልፈቀዱም፤ የበድር ዘማች መሆኑን አስታወሱ። እንግዲህ ይህ ታሪክ የሚያስተምረው የተለየ መረጃ፣ የተለየ ሰው፣ የተለየ ዕቃ፣ ከዚያም ቃል መስማትን ነው። ዛሬ በሕግ ቋንቋ የፍርድ ቤት ማዘዣ የምንለው ነገር መልኩ ይኸው አይደለምን? በኸንደቅ ዘመቻ ሑዘይፋ (ረ.ዐ) ወደ ጠላት ሰፈር መላካቸውንም የሚያነሱ አሉ። እርሱ ጦርነት ነው፤ የሚሰለለውም የከበበ ጦር እንጂ የመዲና ነዋሪ አይደለም። በዚህ ብዙ አንቆይም።

በሙስሊም መሪና በሕዝቡ መካከል ያለውን ደግሞ አቡ ዳውድ ባስተላለፉት ሀዲስ እናገኘዋለን፤ መሪ ሰዎችን በጥርጣሬ ማየት ሲጀምር እንደሚያበላሻቸው ተነግሯል። እንዲያስተካክላቸው ሳይሆን እንዲያበላሻቸው! ሁልጊዜ የሚጠረጠር ሰው በመጨረሻ ሁለት ፊት ይዞ መኖርን ይማራል። ለኢብን መስዑድም (ረ.ዐ) አንድ ሰው አምጥተው ጺሙ ኸምር ያንጠባጥባል ሲሏቸው፣ መሰለል እንደተከለከለ፣ በግልጽ የታየ ነገር ካለ ግን እንደሚይዙበት መለሱ። ይህም በአቡ ዳውድ ተዘግቧል። ወንጀል ይፈለጋል፣ ወንጀለኛም ይያዛል፤ ማንም ይህን አልካደም። ቦምብ የያዘ ሰው ይፈተሽ፤ ገበያ የምትሄደው የኛው እናት ናት። ክርክራችን መነሻው ምን ይሁን፣ ገደቡስ የት ነው የሚለው ላይ ነው።

አሁን ወደ ሀገራችን እንምጣ። «የምደብቀው የለኝም» የሚለው ወጣት ዕድሜው ሃያዎቹ ውስጥ ከሆነ ድምፃችን ይሰማ ሲባል ሕጻን ነበር። ስለዚህ አይፈረድበትም፤ ግን ይወቅ። በ2004 ዓ.ም የሙስሊሙ መፍትሔ አፈላላጊ ኮሚቴ አባላት ታሰሩ። የተከሰሱበት ሕግ የፀረ ሽብርተኝነት አዋጅ ቁጥር 652/2001 ነበር። በዚያ አዋጅ አንቀጽ 23 መሠረት የደኅንነት መሥሪያ ቤት ሪፖርት ምንጩም ሆነ የተገኘበት መንገድ ሳይገለጽ በማስረጃነት ይቀርብ ነበር። ልብ በል፤ የከሰሰህን ሰው አታውቅም፣ የሰማውን ከየት እንደሰማው አታውቅም፣ ግን ማስረጃ ነው። በ2005 ዓ.ም ገና ክሱ በፍርድ ቤት እየታየ ሳለ «ጂሃዳዊ ሐረካት» የሚል ዶክመንተሪ በመንግሥት ቴሌቪዥን ተላለፈ። በምርመራ ክፍል የተቀረጸ የእስረኞች ቃል ሕዝብ ሳሎን ገባ። በሐምሌ 2007 ዓ.ም ከ7 እስከ 22 ዓመት እስራት ተፈረደ። የ22 ዓመት ፍርደኛ የነበሩት እስከ 2010 ዓ.ም የቆዩም አሉ። እነዚህ ሰዎች የሚደብቁት ምን ነበር? ጥያቄያቸውን ያነሱት በአደባባይ፣ በጁሙዓ፣ ነጭ ጨርቅ ይዘው ነው። ከነሱ በላይ የማይደብቅ ሰው አልነበረም። አለመደበቃቸው ግን አላዳናቸውም፤ ምክንያቱም ችግሩ እነርሱ የደበቁት ነገር ሳይሆን የፈለገው አካል በሰማው ነገር ላይ የሚሰጠው ትርጉም ነው።

ይህ የኛ ብቻ ታሪክ አይደለም። ዞን ዘጠኝ የሚባሉት ጦማሪዎች በ2006 ዓ.ም ሲታሰሩ በክሳቸው ውስጥ የኢንተርኔት መልእክትን ከጠላፊ ለመጠበቅ የሚሰጥ ሥልጠና መውሰዳቸው እንደ ወንጀል ተጠቅሶባቸው ነበር። በኋላ ከሽብር ክሱ ነጻ ቢባሉም ወህኒ ቤት የቆዩበትን ጊዜ የመለሰላቸው የለም። በዚያው ዓመት ሂዩማን ራይትስ ዎች ባወጣው ዘገባ ላይ ተጠልፎ የተቀዳ የስልክ ንግግራቸው በምርመራ ወቅት የተከፈተባቸው ሰዎች ተናግረዋል። አዋጅ 652 በ2012 ዓ.ም በአዋጅ 1176 ተተክቷል፤ አልሐምዱሊላህ። ሕጉ ይቀየራል፣ ሹሙም ይቀየራል። የተቀዳ ንግግርና የተከማቸ መረጃ ግን አብሮ አይቀየርም። ዛሬ የሚያይህን ሰው ብታምነው እንኳ ከአሥር ዓመት በኋላ እዚያ ወንበር ላይ ማን እንደሚቀመጥ አታውቅም።

«ታዲያ ምን እናድርግ? ኬላ ላይ እንጣላ?» ከተባለ መልሳችን የለም ነው። ታጣቂ ፊት ቆሞ ሕግ ማስተማር ጀግንነት አይደለም፤ ነፍስህን ጠብቅ። ግን ቢያንስ መብትህን በገዛ አፍህ አታፍርስ። በ1987 ዓ.ም የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 26 ቤትህን፣ አካልህንና ንብረትህን ከፍተሻ፣ በስልክና በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ የምታደርገውን ግንኙነት ደግሞ ከመደፈር ይጠብቃል። ገደብ የሚደረገው አስገዳጅ ሁኔታ ሲኖርና በዝርዝር ሕግ ብቻ እንደሆነም ይናገራል። በ1954 ዓ.ም የወጣውና ለአሥርት ዓመታት የተሠራበት የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግም ቤት ለመፈተሽ ማዘዣ እንዲያዝ፣ ማዘዣው የሚፈለገውን ዕቃ እንዲጠቅስ፣ ፍርድ ቤት ለይቶ ካላዘዘ በስተቀር ፍተሻው በቀን ከጠዋቱ 12 እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት እንዲሆን፣ የሰው አካል ሲፈተሽ ደግሞ ፈታሹ ተመሳሳይ ጾታ እንዲሆን ደንግጓል። እህቶቻችን የመጨረሻዋን ነጥብ ይያዟት። ሴት ፈታሽ ትምጣልኝ ማለት ለሃይማኖትሽ የተደረገ ልዩ ውለታ መጠየቅ አይደለም፤ ሀገሩ የኖረበት ሕግ ነው።

አሁን ወደ ሁለተኛው ወገን፣ ወደ ደጃል ባለሙያዎቹ። ደጃልን የተመለከተው ሀዲስ ብዙና ግልጽ ነው፤ ምልክቶቹ ተዘርዝረዋል። አሻራ የሚሰበስብ መሥሪያ ቤት ግን ከመካከላቸው የለም። ይህን የሚያወራው ሰውዬ ፓስፖርት ሲያወጣ አሻራ ሰጥቷል፤ ሐጅ ከሄደም ሳዑዲ ሲገባ ጣቱን መስታወት ላይ አስቀምጧል፤ እህቱ ሪያድ ሠራተኛ ከሆነች ኢቃማዋ ያለ አሻራ አልወጣም። ያኔ ደጃል የት ነበር? የከፋው ደግሞ ይህ ወሬ ትክክለኛውን ጥያቄ ማፈኑ ነው። ስለ መረጃ አያያዝ ቁም ነገር የሚጠይቅ ሙስሊም ሲነሳ «እነዚያ የደጃሎቹ» ተብሎ ይሳቅበታል።

ቁም ነገሩ ይህ ነው። በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 የተቋቋመው የዲጂታል መታወቂያ ሥርዓት የአሥር ጣት አሻራ፣ የዐይን አይሪስና የፊት ፎቶ ወስዶ ባለ 12 አሃዝ ቁጥር ይሰጣል። ጥቅሙን አንክድም። ቀበሌ ዘመድ የሌለው፣ ከገጠር ለሥራ የመጣ፣ «ማን ይመስክርልህ» እየተባለ የሚንከራተት ወጣት በስሙ እንዲታወቅ ማድረግ ትልቅ ነገር ነው። የይለፍ ቃል ግን ቢሰረቅብህ ትቀይረዋለህ፤ ጣትህንና ዐይንህን አትቀይርም። ስለዚህ ማን ያየዋል፣ ለምን ያየዋል፣ እስከ መቼ ያስቀምጠዋል፣ ቢያባክነውስ ማን ይጠየቃል ብሎ መጠየቅ ግዴታ ነው። ለዚህ የሚሆን ሕግም አለ፤ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016። አሻራን የመሰለ የሰውነት መረጃንና የሃይማኖት እምነትን ጥብቅ ጥንቃቄ ከሚሹት መድቧቸዋል። ስለ አንተ ምን እንደተያዘ የማወቅ፣ ስሕተት ካለም የማስተካከል መብት ሰጥቷል። ተቆጣጣሪው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ከወጣቶቻችን ስንቱ የዚህን አዋጅ ስም ሰምቷል? ስለ ደጃል የተለቀቀውን ድምፅ ግን ሁሉም ሰምቶታል።

በነገራችን ላይ የማስተካከል መብቱ ለእኛ ቀልድ አይደለም። ሙሐመድ የሚለው ስም በእንግሊዝኛ ፊደል አምስት ዓይነት ይጻፋል፤ ዐብዱልቃድርን እንተወው። የፋይዳው አንድ፣ የፓስፖርቱ ሌላ፣ የባንኩ ሌላ ሆኖ የሚጉላላው ብዙ ነው። ስምህን ከመዝጋቢው ጋር ሆነህ ፊደል በፊደል ሳታይ አትነሳ። ኒቃብ ስለሚለብሱ እህቶች ለሚጠየቀው ደግሞ፣ ለምስክርነትና ለመሰል ሐጃ ፊትን መግለጥ በፊቅህ መጻሕፍት የታወቀ ነው። መዝጋቢዋ ሴት እንድትሆን፣ ወይም ከለል ያለ ቦታ እንዲዘጋጅ በጨዋ ቋንቋ ይጠየቅ። የመስጂድ ኮሚቴዎች ይህን ከመዝጋቢዎች ጋር አስቀድመው ቢነጋገሩ እያንዳንዷ እህት በር ላይ ለብቻዋ ባልተሟገተች።

እስካሁን መንግሥትን ነክተናል። ጭብጨባው እዚህ ላይ ይቁም፤ ከሁሉ የከፋው ሰላይ እኛው መካከል ነውና። አንድ እህት ለጓደኛዋ በምስጢር የጻፈችው ስክሪን ሾት ተደርጎ ሦስት ግሩፕ ውስጥ ይዞራል። ኡስታዝ ለአሥር ደረሳዎች የተናገረው ተቀድቶ፣ ከፊትና ከኋላ ተቆርጦ፣ «አቂዳው ታወቀ» ተብሎ ይለጠፋል። ወንድና ሴት ሆነው የታዩ ልጆችን አስቁመው ስልካቸውን የሚነጥቁ፣ እያስለቀሱ ቪዲዮ የሚቀርጹ ጎረምሶች አሉ፤ ስሙን «ሙንከር መከልከል» ብለውታል። ወላሂ፣ ይህ ራሱ ሙንከር ነው! የሰው ወሬ እየጠላው ያዳመጠ በቂያማ ቀን ጆሮው ውስጥ የቀለጠ እርሳስ እንደሚፈስስበት በቡኻሪ ተዘግቧል። የሙስሊምን ነውር የሸፈነ አላህ እንደሚሸፍንለት ደግሞ በሙስሊም። ኬላ ላይ ስልኩ ሲታይ «ሐቄ ተነካ» ብሎ የጮኸ ልጅ ማታ የሰው ስክሪን ሾት ፎርዋርድ ካደረገ ጩኸቱ ለሐቅ አልነበረም።

ሕጉም እዚህ ይመጣል። የጥላቻ ንግግርንና ሐሰተኛ መረጃን ለመከላከል የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው የማኅበራዊ ሚዲያ ገጽ ሐሰተኛ መረጃ ያሰራጨን እስከ 3 ዓመት እስራት ወይም እስከ 100,000 ብር ቅጣት ያስቀምጣል። ሃይማኖታዊ ትምህርትን ከጥላቻ ንግግር ለይቶ አውጥቷል፤ ሆኖም የተቆረጠ ቪዲዮ ሃይማኖታዊ ትምህርት ነው ብሎ የሚከራከር ጠበቃ የሚገኝ አይመስለንም። አዋጁ አንዳንድ ቦታ ላይ ትርጓሜው ሰፊ ስለሆነ ለሚፈልግ ሹም ምቹ በትር እንዳይሆን እንፈራለን፤ ይህን በግልጽ እንናገራለን። ለአድሚኖቻችን ግን ከአዋጁ በፊት የሑጁራት 6ኛው አንቀጽ ነበረላቸው፤ ወሬ ሲመጣ አጣሩ የሚለው። ከዚያ የሚበልጥ አዋጅ ጠብቀው ከሆነ ዘግይተዋል።

አንድ ነገር ቀረን፤ የመስጂድ ካሜራ። ጫማ ሌባ ስላስቸገረ፣ ሱጁድ ላይ ያለን ሰው ስልክ የሚወስድም ስለበዛ በብዙ ከተሞች መስጂዶቻችን ካሜራ አስገብተዋል። የጫማ መደርደሪያውንና በሩን ማየቱ ላይ ችግር የለብንም። ወደ ውዱእ ቦታ የዞረ ካሜራ ግን ይነሳ፤ በሴቶች መስገጃ ውስጥ ያለም ይነሳ። ቀረጻው ስንት ቀን ይቀመጣል? ማን ያየዋል? የሙአዚኑ ልጅ በስልኩ ይከፍተዋል ወይስ አይከፍትም? ከመንግሥት የምንጠይቀውን ከራሳችን ኮሚቴ መጠየቅ አለብን። ኮሚቴዎች ሆይ፣ የካሜራው የይለፍ ቃል በማን እጅ እንዳለ ለጀመዓው ንገሩት፤ በመጪው ጁሙዓ ከሶላት በኋላ ሁለት ደቂቃ ይበቃል።

ወላሁ አዕለም።